ወንበር ፍለጋ

በአማርኛ ስም ያልወጣለትን ዕቃ መግዛት ምን ያህል እንደሚያስቸግር የገባኝ ባለቤቴን ለማስፈቀድ አፌን የከፈትኩ ዕለት ነው። «ብስክሌት ልገዛ አስቤያለሁ» አልኳት። «ጥሩ ነው፤ ግዛ» አለችኝ። «ብስክሌት እንኳ አይደለም» አልኩ ቀጥዬ፤ «ሦስት እግር አለው። መደገፊያ ያለው ወንበር አለው። ሰው እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ጀርባውን ጣል አድርጎ፣ ጋደም ብሎ ነው የሚነዳው።» ባለቤቴ የያዘችውን ሲኒ ረከቦቱ ላይ መለሰችና፣ «ለመተኛትማ አልጋ አለህ አይደል?» አለችኝ። ነገሩ በዚህ ተዘጋ፤ ለሦስት ሳምንት ያህል።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ «ሪከምበንት» ይሉታል፤ ጋደም ያለ ማለት ነው። ብስክሌት እንደ ጫማ የሚቆጠርባቸው ደቾች ደግሞ ብዙ ሳይጨነቁ «ሊግፊትስ» ብለውታል፤ የመጋደሚያ ብስክሌት እንደ ማለት። እኔ ወግ ያለው ስም እስኪወጣለት ድረስ «ጋደሜ» ብዬዋለሁ፤ አንባቢም ለዚህ ጽሑፍ ዕድሜ ያህል ይታገሠኝ። ችግሩ ግን የቋንቋ ብቻ አልነበረም። በእኛ ዘንድ ጋደም ያለ ሰው ወይ ታሟል ወይ ሰንፏል። ጋደም ተብሎ የሚኬድ መንገድ በአባቶቻችን ጊዜ አልነበረም። ፈረሱም በቅሎውም ላይ ቀጥ ተብሎ ነው የሚወጣው። ሰው ሲጓዝ ከፍ ይላል እንጂ ዝቅ አይልም።

እኔም ብስክሌትን ያወቅሁት ከፍታ ሆኖ ነው። ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ከተማዋ ሜዳ ናትና በዘንባባው ጥላ ሥር ቢሮ የሚሄደውም፣ ገበያ የምትሄደውም፣ ተማሪውም ብስክሌት ላይ ነበር። እኛ ልጆቹ በሳንቲም ሩብ ሰዓት እየተከራየን፣ ቁመታችን ኮርቻው ጋ ስለማይደርስ በብረቱ መሐል እግራችንን አሾልከን፣ ተጣምመን እንነዳለን። ካቴና፣ ከመነዳሪ፣ ቸርኬ የሚባሉትን ጣልያን ጥሎልን የሄደ ቃላት የተማርኩት ጎማ ከሚለጥፈው ሰውዬ ነው። ካቴና እጅም የሚታሰርበት መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። ኮርቻው ላይ በወጉ ለመቀመጥ የበቃሁ ቀን የተሰማኝን ኩራት ከዚያ ወዲህ የሰጠኝ ነገር ጥቂት ነው።

ከዚያ አሜሪካ መጣሁና ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ለ24 ዓመት። ዋሺንግተንንና አካባቢዋን የሚያውቅ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል፤ ታክሲ። የታክሲ ወንበር ክፉ ወንበር ነው አልልም። ልጅ አስተምሬበታለሁ፤ እናት ጦሬበታለሁ። ነገር ግን በቀን 12 ሰዓት አንድ ቦታ የተቀመጠ ሰው ሒሳቡን የሚከፍለው በወገቡ ነው። ሥራውን ባቆምኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ሃያ ደቂቃ ከተራመድኩ ግራ እግሬ መደንዘዝ ጀመረ። ሐኪሙ ሥዕሉን ብርሃን ላይ አድርጎ እንዳሳየኝ፣ በአከርካሪዬ መሐል ነርቭ የሚያልፍበት መንገድ ጠብቧል። የዚህ በሽታ ጠባዩ አስገራሚ ነው። ሰውየው ሲቆምና ሲራመድ ይብስበታል፤ ሲቀመጥና ጎንበስ ሲል መንገዱ ጥቂት ሰፋ ስለሚል ይተወዋል። «ካልተንቀሳቀስክ ጡንቻህ ይከሳል፤ ከተራመድክ ደግሞ ያምሃል፤ ስለዚህ ተቀምጠህ ተንቀሳቀስ» አለኝ። ወንበር ያመጣብኝን ነገር በወንበር ልመልሰው ማለት ነው!

ወገቤን ያሹልኝ በነበሩበት ቤት ባለ መደገፊያ የስፖርት ብስክሌት ነበረና እሱ ላይ አወጡኝ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ነዳሁ፤ እግሬ አልደነዘዘም። ግን ግድግዳ ነበር የማየው። ከግድግዳው ላይ ባሕር የተሣለበት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። እንግዲህ የአንድ ወር ባሕር ስንት ቀን ይታያል? «ይህን ነገር ከግድግዳው የሚያላቅቅ ሰው የለም ወይ?» ብዬ ስጠይቅ ነው ባለሙያዋ ስለ ጋደሜ የነገረችኝ።

ለምን እንደ ሰው ተራ ብስክሌት አልገዛህም የሚለኝ ብዙ ነው። በልጄ ብስክሌት ሞክሬዋለሁ። ተራ ብስክሌት ላይ የሰው ክብደት የሚያርፈው በሦስት ጠባብ ቦታ ነው፤ በኮርቻው፣ በፔዳሉና በመዳፉ። በሃያ ዓመት ዕድሜ ይህ አይታወቅም። በስልሳ ግን መዳፍ ይደነዝዛል፤ አንገት ቀና ብሎ መንገዱን ለማየት ሲል ይቆለመማል፤ ኮርቻው ስለሚያደርገው ነገር በመጽሔት ላይ መጻፍ ነውር ነው። ጋደሜ ላይ ክብደቱ ከትከሻ እስከ መቀመጫ ባለው ሰፊ ቦታ ላይ ይበተናል። እጅ መሪ ከመያዝ በቀር ሥራ የለውም። ዓይንም መንገዱንና የዛፉን ጫፍ እኩል ያያል።

ታሪኩን ሳገላብጥ ያገኘሁት ነገር ደግሞ ባለቤቴን ለማሳመን ባይጠቅመኝም እኔን አጽናንቶኛል። ሻርል ሞሼ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። ልጁ ብስክሌት ሲጠይቅ እናትየው «አደገኛ ነው» ስላለች፣ አባት በፔዳል የሚሄድ ባለ አራት እግር ትንሽ መኪና ሠራለት ይባላል። ትልልቆቹም ስለወደዱት «ቬሎካር» ብሎ ይሸጠው ጀመር። ኋላም ይህንኑ ለሁለት ከፈለውና ባለ ሁለት እግር ጋደሜ ወጣው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 7 ቀን 1933 ፍራንሲስ ፎር የተባለ፣ ከአንደኛው ተርታ ያልነበረ ተወዳዳሪ ፓሪስ ውስጥ በዚህ ላይ ጋደም ብሎ በአንድ ሰዓት 45.055 ኪሎ ሜትር ነዳ። የስዊሱ ኦስካር ኤግ ከ1914 ጀምሮ ይዞት የቆየው 44.247 ኪሎ ሜትር ነበር። ታዲያ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በ1934 የእሽቅድድም ብስክሌት ማለት ምን እንደሆነ በልኬት ደነገገና ጋደሜን ከውድድር አስወጣው። ሞሼም በዚያው ዓመት ሞተ።

መቼም ይህ ክልከላ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ዓለም ሁሉ ጋደም ብሎ ይነዳ ነበር ብዬ አልከራከርም። ጋደሜ ረጅም ነው፣ ውድ ነው፤ ዳገት ላይ ፔዳሉን ቆሞ መርገጥ ስለማይቻል ይልፈሰፈሳል። ቢሆንም ከመድረኩ የወረደው ተሸንፎ አይደለም፤ አሸንፎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኔቫዳ ውስጥ ቶድ ራይከርት የሚባል ካናዳዊ ነፋስ በሚሰነጥቅ ቅርፊት በተሸፈነ ጋደሜ ተጋድሞ፣ በእግሩ ጉልበት ብቻ በሰዓት ከ144 ኪሎ ሜትር በላይ በርሯል። እኔ 14 ይበቃኛል።

ወደ ምርጫው ልመለስ። ምርጫው በእግር ብዛት ይጀምራል። ባለ ሁለት እግሩ ቀላልና ፈጣን ነው፤ ግን ሰው ተጋድሞ ሚዛን መጠበቅን እንደ አዲስ ይማራል። የሱቁ ልጅ ይዞኝ ሞከርኩት። አንዴ ፍጥነት ካገኘ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አደጋው መነሻው ላይ ነው። ሁለቱ እግሮች ከፊት ተሰቅለው ሳለ መሪው እንደ እባብ ይጥመለመላል። ከመብራት መብራት መቆምና መነሣት ላለበት፣ ቢወድቅ አጥንቱ ቶሎ ለማይገጥምለት ሰው የሚሆን አይደለም። ለሌላው ግን፣ ለወጣቱና ለረጅም መንገደኛው፣ እሰየው ነው።

በሦስት እግር ላይ ስንመጣ አንባቢ ባጃጅን በዓይነ ሕሊናው ይያዝልኝ። ፊት አንድ ጎማ፣ ኋላ ሁለት። እንዲህ ያለውን ጋደሜ «ዴልታ» ይሉታል። ከፍ ያለ ወንበር ሊኖረው ይችላል፤ ወደ ጎን ተቀምጦ እግርን ማዞር ነው፣ ልክ ሶፋ ላይ እንደመቀመጥ። በጠባብ ቦታ ይዞራል። ነገር ግን ባጃጅ በኩርባ ላይ በፍጥነት ሲታጠፍ ምን እንደሚሆን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የውስጠኛው ጎማ መሬት ለቅቆ ተሳፋሪው የማያውቀውን ሰው ያቅፋል። ሁለተኛው ዓይነት ባጃጁን ፊቱን ወደ ኋላ ያዞሩት ነው፤ ሁለት ጎማ ከፊት፣ አንድ ከኋላ። «ታድፖል» ይሉታል፤ የእንቁራሪት ግልገል ማለት ነው። ጭንቅላቷ ሰፊ፣ ጅራቷ ቀጭን። ይህኛው ዝቅ ብሎ በኩርባ ላይ እንደ ድመት መሬቱን ይቧጥጣል። ነጂው የሚቀመጠው ከሁለቱ የፊት ጎማዎች መሐል ሆኖ መሪውን ከጎንና ከጎኑ ይይዛል። ከሁሉም የወደድኩት ዳገት ላይ ያለውን ጠባዩን ነው። ተራ ብስክሌት ፍጥነት ሲያንሰው ይወድቃል፤ ይህ ግን በቂ ቀላል ማርሽ ካለው በሽማግሌ እርምጃ እየሄደ እንኳ አይወድቅም። ደከመህ? ፍሬኑን ይዘህ ቁም፤ ወንበርህ ላይ ነህ።

በመጀመሪያ የተቀመጥኩበት ፍሎሪዳ የተሠራ ካትራይክ ነበር። ዝቅ ያለ፣ የሚያምር፣ ፈጣን። ሱቁ የተተከለው ከአሮጌው የባቡር መንገድ አጠገብ ነው። ይህ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1968 ባቡሩ ሲቆም ቀስ በቀስ ለእግረኛና ለብስክሌት የተሰጠ ሲሆን፣ ከሸርሊንግተን ተነሥቶ እስከ ፐርስልቪል 72 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱም ዳገት አይወድም። እዚያ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነድቼ ስመለስ ፈገግታዬን መሰብሰብ አቅቶኝ ነበር። በብረቱ መሐል እግሩን አሾልኮ የሚነዳው የባሕር ዳሩ ልጅ ነበር የተመለሰው።

ችግሩ የመጣው ልነሣ ስል ነው።

የሱቁ ልጅ፣ ዕድሜው ከልጄ የማይበልጥ፣ ሙያውን ያወቀ ሰው ነበር። «መንዳቱ ማንንም ያስደስታል። እኔ ገዢን የምፈትነው በመነሣቱ ነው። አሥር ጊዜ ይቀመጡና አሥር ጊዜ ይነሡ፤ ከዚያ ስለ ዋጋ እናወራለን» አለኝ። ከዚህ የበለጠ የገበያ ምክር ሰምቼ አላውቅም። የዝቅተኛው ወንበር ከፍታ የቡና በርጩማ ያህል እንኳ አይደርስም። ሦስት ጊዜ ተነሣሁ፤ በአራተኛው ጉልበቴ ቆመና «ተወኝ» አለኝ። የሚቺጋኑ ቴራትራይክ ኩባንያ «ሮቨር» የሚለውን ሞከርኩ። እሱ ከፍ ያለ ወንበር አለው፤ ለልዩ ልዩ ቁመት የሚስተካከለውም ወንበሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በማንሸራተት ስለሆነ ባልም ሚስትም ሊነዱት ይችላሉ። አሥር ጊዜ ተነሣሁ። ነገር ግን በኩርባው ላይ ያ የድመት መቧጠጥ አልነበረም። እንግዲህ ክርክሩ እዚህ ላይ ነው፤ ልቤ ዝቅ በል ይላል፤ ጉልበቴ ከፍ በል ይላል። በስተመጨረሻ የተስማማነው መካከለኛ ከፍታ ያለው ታድፖል ሆኖ፣ በጎኑ ለመነሻ የሚያዝ ጠንካራ የብረት እጀታ የተገጠመለት እንዲሆን ነው። መሪውን ተመርኩዞ መነሣት ክልክል ነው፤ ይጣመማል። ደግሞ ከመነሣት በፊት የማቆሚያ ፍሬኑ መቆለፍ አለበት። ሦስት እግር ያለው ነገር አይወድቅም እንጂ ይሸሻል። ወንበር ከሰው ሥር ሲሸሽ ያየን ሕዝብ ስለሆንን ይህን ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም።

ልኬቱም የራሱ ወግ አለው። ተራ ብስክሌት የሚለካው በቁመት ነው፤ ጋደሜ ግን በቁጭታ። ጀርባን ግድግዳ አስደግፎ፣ እግርን ዘርግቶ መቀመጥና ከግድግዳው እስከ ተረከዝ ያለውን በሜትር መለካት። የእኔ 109 ሳንቲ ሜትር ሆነ። በዚህ ልክ ፔዳሉን የተሸከመው የፊት ብረት ይወጣል ወይም ይገባል። ፔዳሉ ሲቀርብ ጉልበት ያማል፤ ሲርቅ ዳሌና ጅማት ይሳባል። እግር ሲዘረጋ ጉልበቱ ጥቂት እጥፍ እንዳለ መቅረት አለበት።

ሰው ሳይነግረኝ የማላውቀው አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ይህንን ለማንም ገዢ ሳልነግር አላልፍም። ታድፖል ላይ እግር ከፔዳሉ ከተንሸራተተ መሬት ይነካል፤ መሬት የነካ እግር ወደ ኋላ ተጎትቶ ከብረቱ ሥር ይገባል። በፍጥነት ላይ ከሆነ አጥንት ይሰብራል። ስለዚህ ፔዳሉ ተረከዝን የሚይዝ ማሰሪያ ወይም ከጫማው ጋር የሚቆላለፍ መሆን አለበት። ይህ ጌጥ አይደለም፤ ከፍሬን እኩል ነው። የሚቀጥለው ጥያቄ ሞላ ነው። ተራ ብስክሌት ላይ ጉድጓድ ሲያጋጥም ሰው ከኮርቻው ብድግ ይላል፤ ጋደሜ ላይ ብድግ ማለት ስለሌለ ጉድጓዱ በቀጥታ ወደ አከርካሪ ነው የሚመጣው። ወገቡን የሚያመው ሰው ቢያንስ የኋላው ጎማ ሞላ ያለው፣ ባይሆን ወፍራም ጎማ የገጠመውን ይፈልግ። ስለ ኤሌክትሪክ ሞተሩ ብዙ አልልም። ይገጠማል፣ ይጠቅማል፣ ክብደቱንና ዋጋውን ይጨምራል። እኔ እግሬ እንዲሠራ ስለፈለግሁ ተውኩት።

ቤትም ይለካል። የታድፖል ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንዳንዱ የአፓርታማ የውስጥ በር ከዚያ ያንሳል። ሜትሬን ይዤ የሕንፃውን በር፣ አሳንሰሩን፣ ምድር ቤት ያለችውን የዕቃ ማስቀመጫችንን ስለካ ዘበኛው ቤት ልለቅ መስሎት ጠይቆኛል። የማስቀመጫችን በር 76 ሆነ። በጎኑ ሲያዘነብሉት ግን ይገባል።

ዋጋው ነው እንግዲህ። አዲሱ፣ እኔ የምፈልገው ዓይነት፣ ከ3,000 ዶላር በላይ ሆነ። በዚህ ገንዘብ አገር ቤት ምን ምን እንደሚሠራ ባለቤቴ ዘረዘረችልኝ፤ ዝርዝሩ ትክክል ነበር። ስለዚህ ያገለገለ ፍለጋ ገባሁ። የጋደሜ ገበያ የሚገርም ጠባይ አለው። የሚገዙት አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ስለሆኑ፣ የሚሸጡትም ወይ ባለቤቱ መንዳት ስላቃተው ወይ ስለሞተ ነው። ብዙው ጥቂት መንገድ የሄደ፣ ንጹሕ ዕቃ ነው። ይህን ሳውቅ ትንሽ ሆዴ ባባ።

ሬስተን አካባቢ አንዲት ባልቴት 1,900 ዶላር ብለው አወጡ። ሄድኩ። ጋራዡን ሲከፍቱልኝ ስድስት ዓመት ያገለገለ ታድፖል ሸራ ለብሶ ቆሟል። ምን እንደማይ ተምሬ ነበርና ተንበርክኬ አየሁ። የብየዳው መጋጠሚያ ስንጥቅ የለበትም። የወንበሩ መረብ አልላላም። ካቴናው አልተለጠጠም፤ የዚህ ካቴና ርዝመት የተራ ብስክሌት ሦስት እጥፍ ያህል ስለሆነ ካረጀ ወጪው ቀላል አይደለም። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ትይዩ ካልሆኑ መንገዱ ጎማውን እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ የግራው ጥቂት ተበልቶ አገኘሁት። ይህ በመርካቶ ቋንቋ ቢያንስ የሁለት መቶ ዶላር ክርክር ነው። ቀና ብዬ ልጀምር ስል ጎማውን ነካሁት፤ ሙሉ ነፋስ አለው። ሦስቱም። «መቼ ነው የተነዳው?» አልኳቸው። «ባለቤቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ እኔ እነፋዋለሁ። እሱ ያደርግ ስለነበር ነው» አሉኝ።

1,900 ከፈልኩ። ባለቤቴ 1,700 እንደሆነ ነው የምታውቀው።

ሟቹ ረጅም ሰው ነበሩ። የፊቱን ብረት ለእኔ እግር 9 ሳንቲ ሜትር ማስገባት ነበረብኝ፤ ካቴናው ሄዶ ተመላሽ ስለሆነ በእጥፉ፣ 18 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው፣ 14 ዓይኑን ቆረጥኩለት። የተቆረጠውን መጣል ስላልቻልኩ መሳቢያ ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ ሰው ዓይን። ጋደሜ ዝቅ ያለ ስለሆነ መኪና እንዲያየው ከኋላው በረጅም ዘንግ ላይ ባንዲራ ይሰቀልበታል። ይህን የሰሙ ጓደኞቼ ቡና ቤት ውስጥ የጠየቁኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ፍሬን ወይም ስለ ማርሽ አልነበረም። «የትኛው ባንዲራ? ባለ ኮከቡ ነው ልሙጡ?» ነበር። ሁለት ጠረጴዛ ለሁለት ተከፈለ። እኔ ብርቱካናማ ጨርቅ ሰቅዬ ከሁለቱም ተኳረፍኩ። አንዱ ደግሞ መጻጉዕን አንሥቶ፣ «እሱስ አልጋውን ተሸክሞ ሄደ፤ አንተን ግን አልጋህ ተሸክሞህ መጣ» አለኝ። ሳቅሁ፤ ጥሩ ቀልድ ነው፤ ራሴም ደግሜ ነግሬዋለሁ።

ያላሳቀኝ ሌላው ነው። የታክሲ ተራ ላይ ለዓመታት አብረን የቆምን አንድ ታላቄ አሉ። ዕድሜያቸው ሰባ አራት፤ ጋሼ ነው የምላቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ላይ ኳስ የተጫወቱ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሰው ነበሩ። ከሁለት ዓመት በፊት ዳሌያቸው ተቀይሯል። ሐኪሞቹ በመደገፊያ እየሄዱ ውጭ እንዲወጡ ነገሯቸው። መደገፊያው ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ ካፖርት ይሰቀልበታል። «ሰው እንዲህ ሆኖ አያየኝም» ብለው ከቤት አይወጡም። በመስኮት በኩል የመኪና ማቆሚያውን ያያሉ። ይሉኝታ ብዙ ጥሩ ነገር አስተምሮናል፤ አዋርዶ ከመታየት አድኖናል። ሰው ቤቱ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልቅ ግን እሱው ነው በሩን ይዞ የሚቆመው። እኔም ወገቤን ይዤ በዚያው መስኮት ዓይነት አጠገብ ስንት ወር እንደተቀመጥኩ ባለቤቴ ታውቃለች። የፈቀደችልኝም ለዚህ ይመስለኛል፤ ስለ ሞሼ ስለነገርኳት አይደለም።

ሰው ዝቅ ብሎ ሲያየኝ መጀመሪያ የሚያስበው «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ነው። አሜሪካኖቹ ደግሞ «ይመቻል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ አውራ ጣታቸውን እያሳዩ ያልፋሉ። የመኪና ነጂዎቹ ከተራ ብስክሌት ይልቅ ለእኔ ሰፋ አድርገው መንገድ ይለቃሉ፤ ግራ ስለሚገባቸው ይሆናል። ሁሉንም ለመድኩት። ጠዋት ከሸርሊንግተን እነሣለሁ። መጀመሪያ 5 ኪሎ ሜትር፣ አሁን 25 ደርሻለሁ። ስነዳ እግሬ አይደነዝዝም። ስራመድ አሁንም ይደነዝዛል፤ ጋደሜ መድኃኒት ነው ብዬ የማንንም ገንዘብ አላስወጣም።

በመስከረም መጨረሻ ጋደሜዬን መኪና ላይ ጭኜ ጋሼ ቤት ሄድኩ። «ውረዱና ይዩት» አልኳቸው። «በመስኮት አየሁት» አሉኝ። ሻይ ጠጣን። ስለ ልጆች አወራን። ልነሣ ስል፣ «ሲመሽ መልሰህ አምጣው» አሉኝ።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ መብራቶቹ ሲበሩ፣ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ወረዱ። ሐኪማቸውን ልጃቸው አስቀድሞ በስልክ ጠይቆ ነበር። ለእሳቸው ወንበሩ ዝቅ ይላል፤ ግራና ቀኝ ይዘን አስቀመጥናቸው። ተረከዛቸውን በማሰሪያው አስገባሁ። ፍሬኑን ከፈትኩ። «ግራ እጅ ወደ ግራ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ ከማለቴ ሄዱ። የማቆሚያውን ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞሩ፤ ልጃቸው እየሮጠ ተከተላቸው። በሁለተኛው ዙር «ተወኝ!» ሲሉት ሰማሁ። በሦስተኛው ዙር ከወዲያኛው ሕንፃ የወጣች አንዲት ሐበሻ ሴት የገበያ ዕቃዋን እንደያዘች ቆማ አየቻቸው። ጋሼ አዩዋት። የሚመለሱ መስሎኝ ነበር። ፍጥነት ቀንሰው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንደምን አመሸሽ እመቤቴ» ብለው አለፉ።

ለማንሣት ሦስት ሰው ሆንን፤ ሴትየዋም ረዳችን። «ለጋሼ ከፍ ያለው ዓይነት ነው የሚሆነው» አልኩ ለልጃቸው። ሽቅብ ወጣን። ወለል ላይ መቀመጥ ስለማይሆንላቸው አልጋቸው ላይ አስቀምጠን፣ ጀርባቸውን ግድግዳ አስደግፈን፣ እግራቸውን ዘረጋን። ሜትሬን ከኪሴ አውጥቼ ከግድግዳው እስከ ተረከዛቸው ለካሁ።

«ስንት ሆነ?»

«107።»

«ጻፈው» አሉኝ።